የፊዚክሱ ዋስ

ፊዚክስ የሚባለውን ትምህርት እኔ አላውቀውም። በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት እስክደግም ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ አባቴ ሲታመም ሞፈርና ቀንበሩን ተረከብሁ። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ መደመርና መቀነስ ጨመርሁበት። በቃ፣ የተማርሁት ይኸው ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ፊዚክስን እንደ እኔ የሚያመሰግን ገበሬ ያለ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ። እኔ አልቸኩልም፣ እናንተም አትቸኩሉ።

የምንኖረው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው የመኪና መንገድ፣ ከማንኩሳ ገባ ብሎ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ሴት ናት። እናቷ ወንድሟን ስትወልድ ምጡ ጠናባትና በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ሐኪም ቤት አወረድናት። ልጄ ያኔ ገና ትንሽ ናት፤ ቃሬዛውን እየተከተለች አልቅሳ መጣች። እዚያ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት እጇን ይዛ፣ «እናትሽ ትድናለች፣ ዝም በይ» አለቻት። እናቷ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ልጄን «ምን ትሆኛለሽ?» ቢሏት መልሷ አንድ ነው፤ እንደዚያች ሴት።

ስለዚህ አስተማርናት። ፍኖተ ሰላም፣ እኛ ገጠሬዎቹ ያኔም ወጀት ነበር የምንላት፣ ከአንዲት ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየችና እዚያው ሆና ተማረች። ስንቋን አህያ ላይ ጭኜ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ እናቷ በሰፌድ ያበጠረችው ቆሎ። ባልቴቲቱ፣ «ይህች ልጅ መብራት ሳታጠፋ ትተኛለች» እያሉ ለእኔ ይከሷታል፤ እኔ ደግሞ በሆዴ ደስ ይለኛል።

በመካከሉ የሚጠይቃት መጣ። ደህና ሰው ነው፣ በሬም መሬትም አለው፤ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሁለቱንም ጊዜ፣ «የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ትጨርስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ብዬ መለስኋቸው። ሽማግሎቹም፣ «እሺ፣ ጨርሳ ካላለፈች ግን ሌላ ምክንያት የለህም» ብለውኛል። እኔም እሺ ብያለሁ። ቃሌ ይህ ነበር፤ ፈተናዋን ትጨርስ።

ፈተናው ግንቦት ላይ ሆነ። የሳምንቱን ስንቅ ይዤ ስደርስ የዕለቱ ፈተና ፊዚክስ ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። አህያዬን ከግንዱ አሰርኋትና ዱላዬን አስደግፌ ጥላው ሥር ተቀመጥሁ።

ልጆቹ ሲወጡ አየሁ። ከቀብር የሚመለስ ሰው ነው የሚመስሉት። ማንም ከማንም አይነጋገርም። እዚያ ዛፍ ሥር ሲደርሱ ግን አንዱ አንድ ነገር ጠየቀ፣ ሌላው መለሰ፣ ወዲያው ገበያ ሆነ።

«ሃያ ሰባተኛውን ምን አላችሁ?»

«ቢ!»

«ቢ ነው እንጂ፣ ሌላ ምን አለው!»

«እኔም ቢ!»

«ቢ! ቢ!» ሲባባሉ ለእኔ በሬ የሚነዱ ነው የመሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ አራት መልስ ይሰጣቸዋል፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ይባላል፣ እነሱ አንዱን ይመርጣሉ። መልሳቸውን የሚያመሳክሩት ከደምበጫ በኩል ከመጣ ቀጭን ረጅም ልጅ ጋር ነው። የክፍሉ አንደኛ እሱ ነው። እሱ ያለውን ያለ ፊቱ ይበራል፣ ያላለ ይጠቁራል። ከአጠገቡ ደግሞ አንድ አጭር ልጅ አለ፣ ከቡሬ ወዲያ የመጣ፣ ወላጆቹ አገውኛ የሚናገሩ። እሱ አፉ አያርፍም።

«አንቺስ?» አላት አጭሩ ልጄን።

«ዲ» አለች ቀስ ብላ።

«ዲ? ዲ ማለት እኮ ደህና ሁኚ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው!»

ሳቁ። ሰላሳ አንደኛው ተጠየቀ፤ አሁንም ልጄ ከሁሉ ተለየች። ሌላ ተጠየቀ፤ አሁንም። ከዚያ መጠየቁንም ሳትጠብቅ ተነሥታ ሄደች። እኔን እንኳ አላየችኝም።

ተከትያት ከክፍሏ ስደርስ ልብሷን በነጠላ እየቋጠረች ነው።

«ምን ሆነሻል የኔ ሆድ?»

«እንሂድ አባየ።»

«ወዴት?»

«ወደ አገራችን። አህያዋን ባዶዋን ከሚመልሷት ይህን ይጫኑባት።»

«ነገ ፈተና አለ አላልሽኝም?»

«ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ። እኔ ግን ወድቄያለሁ። የወደቀ ሰው ምን ይሁን ብሎ ይፈተናል?»

«ማን ነገረሽ መውደቅሽን?»

«ሁሉም አንድ ነገር ነው ያሉት አባየ። እኔ ብቻ ነኝ ሌላ ያልሁ። ሁሉም ተሳስቶ እኔ ልክ ልሆን ነው?»

ምን ልበላት? እርሻ ቢሆን፣ ከብት ቢሆን አንድ ነገር እላለሁ። ፊዚክስ ነው። ዛሬ ይህን ነጠላ ተሸክማ ከእኔ ጋር ከወጣች የእኔም ቃል፣ የእሷም ሐሳብ እዚህ ያበቃል። ሽማግሎቹ ሦስተኛ ሲመጡ የምመልስበት አፍ የለኝም። «ቆይ፣ አህያዋን ላምጣ» ብዬ ወጣሁ። ምክንያት ፈልጌ ነው እንጂ አህያዋ የትም አትሄድም።

ማንጎው ሥር ስደርስ ልጆቹ ሙግት ገጥመዋል። አጭሩ የእኔን ዱላ ይዟል፣ ያንኑ አስደግፌ የሄድሁትን። ኩታውን እንደ ጠበቃ አጣፍቶ፣ ዱላውን ረጅሙ ልጅ ላይ ቀስሮ ይጮኻል።

«በፊዚክስ መምህራችን አምላክ፣ ቁም!»

«ቆሜያለሁ!»

«በላ ልበልሃ!»

«በል እንጂ!»

«ድንጋይ ሽቅብ ወርውሬ ጫፍ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው? ተጠየቅ!»

«ዜሮ ነው! በአንድ ገንቦ ማር እረታሃለሁ!»

«ማሩን ከየት ታመጣለህ አንተ? በአንድ ጣሳ በሶ በል!»

ሌሎቹ ከበው ያጨበጭባሉ። እኔን ሲያየኝ አጭሩ ዘሎ መጣና እጅ ነሣ። «ዳኛ መጡ! ጋሸ፣ በእግዜር ይዳኙን!»

እንግዲህ ይህን አስተውሉልኝ። በእኛ አገር ደንብ ሁለት ተሟጋቾች መንገደኛውን «ዳኘን» ካሉት መንገደኛው እምቢ አይልም። ጭነቱን አውርዶ፣ ነገራቸውን ሰምቶ፣ ይሁን የሚለውን ብሎ ነው የሚሄደው። እምቢ ማለት ነውር ነው። እኔ ደግሞ በገበሬ ማኅበራችን ፍርድ ሸንጎ ከተመረጡት አንዱ ነበርሁ። የተመረጥሁት ፊርማዬን መጻፍ ስለምችል ነው እንጂ ሌላ ዕውቀት ኖሮኝ አይደለም፤ ቢሆንም ወጉን አውቃለሁ። ልጆቹ አምላክ ጠርተዋል፣ ዱላ ይዘዋል፣ ዳኘን ብለዋል። ስለዚህ ቆቤን አወለቅሁ፣ ጋቢዬን አስተካክዬ ከማንጎው ሥር ተቀመጥሁ።

እነሱ ሳቁ። ለእኔ ዳኛ በማግኘታቸው ደስ ያላቸው ነው የመሰለኝ።

«ከሳሽ ማን ነው?» አልሁ።

«እኔ!» አለ አጭሩ።

«ተከሳሽስ?»

«ቢ ያላለ ሁሉ! እኛስ ሁለታችንም ቢ ነን!»

«ቢ ያላለ ማን አለ?»

ረጅሙ ልጅ አቀርቅሮ፣ «ልጅዎ ናት ጋሸ» አለ።

«ተከሳሽ በሌለበት አልዳኝም። ጥሩልኝ።»

አንዱ ሮጦ ጠራት። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷን ታጥባለች። እኔን ተቀምጬ፣ እነሱን ቆመው ስታይ ግራ ገባት።

«አባየ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ዳኝነት ተቀምጫለሁ። ከዚያ በኩል ቁሚ።»

ቆመች። አባቷ ስሆን ዳኛም ሆንሁባት፣ ምን ታድርግ።

ረጅሙ ልጅ ነገሩን ዘርዝሮ አስረዳኝ። ሃያ ሰባተኛው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለእኔ ብሎ ወደ አማርኛ አመጣልኝ። ድንጋይ ሽቅብ ይወረወራል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ቁልቁል የሚያፈጥነው ነገር አለ ወይስ የለም? ሌሎቹ ሁሉ፣ «ቆሟል፤ የቆመን ነገር ምን ያፈጥነዋል?» ብለው የለም አሉ፤ ቢ ይኸው ነው። ልጄ፣ «ሲጀመርም ሲጨረስም ያው ነው» ብላለች።

እኔ ወፍና ዝንጀሮ ስጠብቅ በወንጭፍ ስንት ድንጋይ ወርውሬያለሁ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሰማው ግን ጠይቄው አላውቅም። ባውቅም ዳኛ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ዳኛ የሚጠይቀውን ጠየቅሁ።

«የጻፋችሁበት ወረቀት የታለ?»

«ሰብስበውታል።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«አዲስ አበባ።»

«እውነተኛው መልስስ ከማን ዘንድ ነው?»

«ከእነሱ ዘንድ።»

«እንግዲያ ማስረጃው በእጃችን የለም» አልሁ። «ማስረጃ በሌለበት፣ ሰው ስለበዛ ብቻ ቢ ነው ብዬ ብፈርድ እሱ ፍርድ አይደለም፣ ጩኸት ነው። ነገሩን ማስረጃው እስኪመጣ ቀጥሬዋለሁ። እስከዚያ ከሳሽም ተከሳሽም ይህን ነገር አያነሣም። የዛሬውንም፣ የነገውንም ፈተና። ተከሳሽ ነገ ጠዋት ከዚህ በር ትቅረብ። ከአገር እንዳትወጣ ዋስ ትጥራ።»

ሳቁ እየቀነሰ መጣ። ልጄ መሬት መሬት እያየች፣ «ዋስ የለኝም» አለች። እኔ እንዳልሆናት ዳኛ ነኝ። አህያዬ ጆሮዋን ታራግባለች።

«እኔ እሆናታለሁ» አለ ረጅሙ ልጅ።

አጭሩ ዞረበት። «አንተ? አንተ እኮ ቢ ነህ!»

«ብሆንስ? መርታትና ዋስ መሆን ምን አገናኘው?»

«እሺ፣ ጠዋት ካልመጣችስ?» አለ አጭሩ። ይህን ሲል ወደ እኔ ዞሮ ነው።

እኔም ወጉን ተናገርሁ። «ዋስ በእግሯ ይተካል። እሷ ከቀረችበት እሱም ይቀራል።»

ረጅሙ ልጅ ፊቴን አየ። ከዚያ፣ «እሺ ጋሸ። እሷ ካልገባች እኔም አልገባም» አለ። አሁን የሚስቅ አልነበረም። አጭሩ ዱላዬን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ልጄ የቋጠረችውን ሳትፈታ ተኛች። እኔ በበኩሌ የዚያ ልጅ ነገር ከበደኝ። የክፍሉ አንደኛ ነው፤ ደምበጫ በኩል እሱም የሚጠብቀው አባት አለው። የሰው ልጅ ምን ውስጥ ከተትሁት ብዬ እየተገላበጥሁ ነጋ።

ጠዋት እሷ ከመደቡ አልተነሣችም።

«ዋስሽስ?» አልኋት።

«ይገባል እሱ። ለሰው ብሎ ፈተና የሚተው ማን አለ አባየ?»

እውነቷን ሊሆን ይችላል አልሁ በሆዴ። ቋጠሮውን አነሣሁና አህያዋ ላይ ላስረው ስወጣ አጭሩ ልጅ እያለከለከ ገባ። ትንፋሹ አልመለስ አለው።

«አንቺ! ያ ሞኝ በር ላይ ቆሟል! ሊዘጉ ነው፣ ሰው ሁሉ ገብቷል፣ እሱ አልገባም ይላል! ‹ዋስ ነኝ› ነው የሚለው!»

«ጎትታችሁ አታስገቡትም?» አለች ልጄ።

«ጎተትነው እኮ! በቅሎ ነው፣ ተተክሏል! እኔስ እንዳልዘገይ፣ ልሂድ ነው፣ ነይ!»

ከመደቡ እንዴት እንደተነሣች አላየሁም። እስክርቢቶዋን ይዛ ወጣች፣ ሮጠች። ነጠላዋ ከቋጠሮው ነው፤ ፈትቼ ይዤ ተከተልኋት። ለካ ያን ጊዜ ጉልበት ነበረኝ።

ከሩቅ አየሁት። ከበሩ ምሰሶ ጀርባውን አስደግፎ፣ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ዘበኛው የበሩን አንድ ክንፍ ዘግቶ ሌላውን ይዟል፣ እየተቆጣው ነው። ልጄ ደረሰች። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እሱ ከምሰሶው ተነሣና አሳለፋት፤ እሷ ገባች፣ ከኋላዋ እሱ ገባ፣ አጭሩም በመካከላቸው ሾልኮ ገባ። በሩ ተዘጋ።

ነጠላውን ይዤ ቀረሁ። ዘበኛው አየኝና፣ «ልጆችዎ ናቸው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም» አልሁት።

ፈተናው እስኪያልቅ ወደ ቤቴ አልተመለስሁም። እርሻዬን ወንድሜ ያየልኛል ብዬ ተውሁት። ልጆቹ ሲወጡ ማንጎው ሥር ይሰበሰባሉ፣ እኔ ያመጣሁትን በሶ በጥብጠው ይጠጣሉ፣ ስለ ፈተና ግን አይነጋገሩም። አንዱ ረስቶ፣ «አሥረኛውን ምን...» ካለ አጭሩ፣ «ቀጠሮ!» ብሎ ይጮኽበታል፤ ልጁም አፉን ይይዛል። የታሰረችው አህያዬ እንኳ ጩኸቱን ለምዳ መደንገጥ ተወች። ልጄ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሳ ስትወጣ ሣቀች። ከሣቀች ስንት ጊዜዋ ነበር።

ውጤቱ ክረምቱ ሲወጣ መጣ። ዩኒቨርሲቲ አላስገባትም፤ ለጤና ትምህርት ግን በቃት። ወረቀቱን እያነበበች ስትነግረኝ ፊዚክስ ላይ ስትደርስ «ሲ» አለች።

«ቢም አይደለ፣ ዲም አይደለ?» አልኋት። «እንግዲያ ሁላችሁም ተረታችኋል።»

እስክትወድቅ ሣቀች። ያ ሌላ ነው አባየ፣ ውጤት ነው፣ መልሱን አይናገርም አለችኝ። ማስረጃው አልመጣም ማለት ነው። ሽማግሎቹ ሲመጡ ግን የማሳያቸው ወረቀት ነበረኝ፤ አይተው፣ መርቀው ሄዱ። እግዜር ይስጣቸው፣ ቃሌን ጠበቁልኝ። ልጄም ነጭ ልብሷን ለበሰች። በዚህ በምዕራብ ጎጃም ገጠር በእጇ የተወለደውን ሕፃን ቆጥሮ የጨረሰው የለም።

አጭሩን ልጅ ለውትድርና ወሰዱት። ብዙ ዓመት ወሬው ጠፋ፤ እናቱ አልቅሰው ተስፋ ከቆረጡ በኋላ መጣ። አንድ እግሩን ያነክሳል። ቡሬ ገበያ ላይ ልብስ ይሸጣል። ባየኝ ቁጥር ክራንቹን ቀስሮ፣ «ቁም! በላ ልበልሃ!» ይለኛል፤ ገዢው ሁሉ ይደነግጣል። እሱ ነው አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን የነገረኝ።

«ጋሸ፣ ያኔ እኮ ስንቀልድ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሙግቱን። ፈተናው ስላስለቀሰን ለሣቅ ያመጣነው ነው። እርስዎ ከምር ሲቀመጡ ምን እናድርግ፣ አፈርን።»

«ዋስነቱስ?»

«እሱም በቀልድ ነበር የጀመረው። እርስዎ ‹ዋስ በእግሯ ይተካል› ሲሉ ግን ፊትዎን አይቶ መመለሻ አጣ። ማታ ‹ለእኒያ ሰውዬ ቀልድ ነበር ብዬ አልነግራቸውም› አለኝ።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። ብዙ ዘመን የኖርሁት ሰው ሁሉ እንደ እኔ ከምሩ መስሎኝ ነው። ደግ ነበሩ እኮ። አንድ ገጠሬ ሳይገባው ጨዋታቸው መካከል ቢቀመጥ፣ ስቀው ማባረር ሲችሉ ጨዋታውን እውነት አደረጉለት።

ረጅሙን ልጅ ሳላየው ኖሬ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ተምሮ፣ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። በቅርቡ ቡሬ ከልጄ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ገባ፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ትንሽ ጎብጧል። ጉልበቴን ስሞ፣ ምሳ በልቶ፣ ከተጨዋወትን በኋላ ድንገት ብድግ አለ። ጋቢውን አጣፋ።

«ጋሸ፣ አቤቱታ አለኝ።»

«በል።»

«ዋስ አድርገው ያዙኝ፣ ፈተናው ሲያልቅ ዋስነቱን ሳያወርዱልኝ ወደ አገርዎ ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ ዋስ ነኝ።»

እውነቱን ነው። ዳኛ በአፉ ካላወረደለት ዋስ ዋስ ነው።

«ማስረጃውስ መጣ?» አልሁት።

«መጥቷል። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ስደርስ ነው የገባኝ። ድንጋዩ ጫፍ ላይም ሆኖ ምድር እየሳበችው ነው። ልጅዎ ረትታለች። እኔም፣ ክፍሉም ተረትተናል።»

ልጄ ከጓዳ እጇን እየጠራረገች ወጣች። «ውይ! እኔ እኮ እንግሊዝኛው አልገባኝ ብሎ በግምት ነው ዲ ያልሁት!»

«በግምት?»

«በማርያም! ስላፈርሁ አልተናገርሁም እንጂ!»

ሁለቱም ተያይዘው ሣቁ፤ እምባቸው እስኪመጣ። የልጅ ልጆቼ ከውጭ ሮጠው መጡ።

ገምታም ቢሆን ረትታለች፤ ዳኛ የሚያየው የተጻፈውን ነው። ዋስነቱን ላወርድለት አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ትንሽ ይቁም አልሁ። እሱም ወጉን አላጎደለም፣ እጁን አጣምሮ ጠበቀኝ፣ ልክ እንደዚያን ጠዋት። እኔም ጠግቤ አየሁት።

«ወርዶልሃል» አልሁት ኋላ። «ተቀመጥ፣ ልጄ።»